ለዘበኛ ማን ዋስ ይሆናል?

እኛ የማታ ተማሪዎች ነን። ቀን ቀን አንዳችን መዝገብ ቤት ፋይል ሲያገላብጥ፣ አንዳችን ጠመኔ ሲበላ፣ ሌላችን በባንክ መስኮት የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ይውልና፣ አመሻሽ ላይ ደብተራችንን በብብታችን ሸጉጠን ወደ ትምህርት ቤታችን እንሮጣለን። ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ስንለቀቅ ግማሹ ከተማ ተኝቷል፤ ነቅቶ የሚጠብቀን ሰው ቢኖር የበሩ ዘበኛ ነው። እንግዲህ ስለ ዘበኛ ብንጽፍ «ምን አግብቷቸው» የሚለን አንባቢ አይኖርም ብለን እንገምታለን። ደግሞም የምንጽፈው ስለ ዘበኛ ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሳችንም ጭምር ነው። አንባቢ ይታዘበን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበራችን ፊት ለፊት ተቀምጦ ጫማ የሚጠርግ አንድ ልጅ አለ። ልጅ አልነው እንጂ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ከገጠር ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። ስሙን አንጽፍም፤ ስሜን ጻፉልኝ ብሎ አልጠየቀንምና። ይህ ልጅ ባለፈው ዓመት ሊስትሮነቱን ትቶ ዘበኛ ለመሆን ቆረጠ። ለምን ብለን ስንጠይቀው «ጣራ ስላለው» አለን፤ የዘበኛውን ቤት ማለቱ ነው። ክረምት ለሊስትሮ ገበያ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ጭቃ ላይ ተቀምጦ የሰው ጭቃ ያላጠበ ነው።

አንድ ቀን ከመብራት እንጨት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አነበበ። ለባንኮችና ለፎቆች ዘበኛ የሚያከራይ፣ ይቅርታ፣ «የጥበቃ አገልግሎት የሚሰጥ» አንድ ድርጅት ሰው ይፈልጋል። ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ፤ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ፤ የነዋሪነት መታወቂያ ያለው፤ ጤንነቱ በሐኪም የተመሰከረለት፤ ከወንጀል ነፃ መሆኑን በአሻራ ያረጋገጠ፤ በመጨረሻም «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል። ልጁ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ለስምንተኛ ክፍሉ ማስረጃ አገሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ለአሻራው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ አሥሩንም ጣቱን ሰጠ። ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ደሙን ሰጠ። የሚሰጠውን ሁሉ ሰጥቶ ሲጨርስ ሰው የሚሰጠው ነገር ብቻ ቀረው፤ ዋስ።

ዋስ ደግሞ እንዲሁ የተገኘ ሰው አይሆንም። ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ የደመወዙ ልክ ከመሥሪያ ቤቱ ተጽፎ፣ ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑ ተጠቅሶ፣ ማኅተም ተመትቶበት መምጣት አለበት። ሊስትሮ በዚህ ከተማ የሚያውቀው እግር ነው። ከእግሩ ባለቤቶች መካከል ደህና የሚግባባው ከእኛ ጋር ነበርና፣ አንድ ማታ ቅጹን በፌስታል ጠቅልሎ በሩ ላይ ጠበቀን። «ጋሼ፣ ከእናንተ አንዳችሁ ብትይዙኝ...» አለ። ማንኛችንን «ጋሼ» እንዳለ አልታወቀም፤ ሰባት ነበርን።

የሚያሳፍረው ነገር የዚያን ዕለት ማታ ከየትኛው ክፍል እንደወጣን ነው። የሞራል ትምህርት ነበረን። መምህራችን ፕሌቶ፣ የጥንት መጻሕፍታችን አፍላጦን የሚሉት ፈላስፋ፣ «ሪፑብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ያሰፈረውን የቀለበት ታሪክ አንሥተውልን ነበር። የልድያ ንጉሥ እረኛ የነበረ ሰው መሬት ተሰንጥቃ ቀለበት ያገኛል፤ ፈርጡን ወደ ውስጥ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። ይህን ባወቀ ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ንግሥቲቱን አሳተ፤ ንጉሡን ገደለ፤ አገሩን ያዘ። ጥያቄው እንግዲህ ይኸ ነው፤ ማንም የማያየው ሰው፣ እንደማይያዝም እርግጠኛ የሆነ ሰው፣ ጻድቅ ሆኖ ይቆያልን? አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። አብዛኞቻችን አይቆይም አልን። «ሰው ጨዋ የሚሆነው ስለሚታይ ነው» ያለው ጓደኛችን ተጨበጨበለት። እንዲህ ተራቅቀን፣ እንዲህ ረክተን ነበር ከበሩ የደረስነው።

በሩ ላይ ምን መለስን? አንዱ ደመወዙ ለምራቱ ወንድም ተይዟል፤ ይኸ እውነት ነበር። አንዷ ባሏን ማማከር አለባት። አንዱ ዝውውር ጠይቋል፤ የት እንደሚመደብ አይታወቅም። አንዱ መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ትቷል። የቀረነው «እስቲ እናስብበት» አልን። በአማርኛችን «እስቲ እናስብበት» ምን ማለት እንደሆነ ልጁም ያውቃል፤ ከገጠር መጣ እንጂ ከሌላ አገር አልመጣም። ቅጹን አጥፎ ወደ ፌስታሉ መለሰ። በማግስቱ ጫማችንን ስናስጠርግ የሰጠነው ጉርሻ ከወትሮው በዛ ያለ ነበር። ይህንንም የምንናገረው ለመመስገን አይደለም።

ወደ ቀለበቱ እንመለስ። ክፍል ውስጥ ስንከራከር ማናችንም ያላሰብነው ነገር፣ ቀለበቱን በየሌሊቱ የሚያደርግ ሰው ከኛ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጦ እንደነበር ነው። የሌሊት ዘበኛ ማለት እኮ ማንም የማያየው ሰው ማለት ነው። ባለቤቱ ተኝቷል፤ ሠራተኛው ቤቱ ገብቷል፤ መንገዱ ባዶ ነው። ቁልፉ በእጁ ነው። የልድያው ሰው ራሱ እረኛ ነበር፤ እረኛም ጠባቂ ነውና ነገሩ በአጋጣሚ የተጻፈ አይመስለንም። ታዲያ በዚህ ከተማ ስንትና ስንት ሰው ፈርጡን ወደ ውስጥ አዙሮ ሲያነጋ፣ ሲነጋም ቁልፉን ለቀን ተረኛ አስረክቦ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ታክሲ ሲሳፈር እያየን ነው «አይቆይም» ብለን ያጨበጨብነው። ሁሉም ዘበኛ ታማኝ ነው አንልም፤ የሚተኛም አለ፤ ከሌባ ጋር የሚስማማም አለ። ግን የፈላስፋው ጥያቄ መልስ ቢፈለግ ከክፍሉ ይልቅ ከበሩ ይገኝ ነበር።

አሁን ልጁ የያዛቸውን ወረቀቶች እንመርምራቸው። የትምህርት ማስረጃው ማንበብና መጻፍ መቻሉን ይናገራል፤ መልካም። የሐኪሙ ወረቀት ዓይኑ ማየቱን፣ ጆሮው መስማቱን ይናገራል፤ ለዘበኛ ተገቢ ነው። የአሻራው ወረቀትስ? «ምንም አልተገኘበትም» ይላል። ልብ በሉ፤ «ታማኝ ነው» አይልም። ያልሰረቀም፣ ሰርቆ ያልተያዘም፣ የሚሰረቅ ነገር አጠገብ ደርሶ የማያውቅም፣ ሦስቱም ያንኑ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ሥልጠናም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይናገርም። በዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ ክፍል ሶቅራጥስ ከፖለማርኮስ ጋር ሲከራከር ነገሩን እስከ ቀልድ ድረስ ገፍቶታል፤ ገንዘብን በአደራ መጠበቅ የሚያውቅበት ሰው፣ መስረቅም ያውቅበታልና፣ ጻድቁ ሰው ሌባ ሆኖ ተገኘ እኮ ይለዋል። ቀልድ ይምሰል እንጂ ቁም ነገር አለው። አጥሩ በየት በኩል ደካማ እንደሆነ ለማወቅ የሠለጠነ ሰው፣ ያንን እውቀት ለየትኛው ወገን እንደሚያውለው ሥልጠናው አይወስንለትም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ግሪክ አገር መሄድም አያስፈልግ። ዛሬ ማስታወቂያ ላይ «የጥበቃ ሠራተኛ» ይባላል፤ እኛ ዘበኛ ማለቱን የመረጥነው ለንቀት አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥቱን የሚጠብቀው ጦርም ክቡር ዘበኛ ነበርና ስሙ። ከክቡር ዘበኛ የበለጠ የተመረጠ፣ የበለጠ የሠለጠነ ጠባቂ በአገሩ አልነበረም። ሆኖም በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል በነበሩበት ሰዓት የተነሣባቸው የዚያው ጦር አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነው። የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጥተዋል። ያደረገው ልክ ነው አይደለም የሚለውን እዚህ አናነሣም፤ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። የምንለው፣ ምርጫና ሥልጠና «እንዴት ትጠብቃለህ» ለሚለው ይመልሳሉ እንጂ «ለማን ትጠብቃለህ» ለሚለው አይመልሱም ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ የማይናገረውን ይናገር ዘንድ ዋስ ተጠራ። ዋስ ከወረቀት የሚለየው ስለ ትናንት ባለመመስከሩ ነው። ዋስ ስለ ነገ ነው የሚናገረው፤ «ቢያጠፋ እኔ አለሁ» ይላል፤ ሲልም ከኪሱ ይላል። ይህ ነገር በአገራችን ጥልቅ ሥር አለው። የጥንቱ ሙግት ያለ ዋስ አይሄድም ነበር፤ ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር ተቆራኝቶ፣ ልብስ ከልብስ ታስሮ እስከ መንገላታት ይደርሳል። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነም በአፈርሳታ ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ አውጫጭኝ እየተባባለ ይውላል ያድራል፤ ካልተገኘ ደግሞ የጠፋውን ባንድነት ይከፍላል። እምነት የመንደሩ ዕዳ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስንጽፍ ናፍቆት ይዞን እንዳይመስላችሁ። በአፈርሳታ ላይ ከብቱን ጥሎ ሦስት ቀን የዋለው ንጹሕ ገበሬ ምን ያህል ሌባውን እንደረገመ አናውቅም እንዴ! ከሁሉም ይልቅ በእንዲህ ያለው ሥርዓት ውስጥ እንግዳ ሰው ቦታ የለውም። ዘመድ ያለው ይታመናል፤ ዘመድ የሌለው ይጠረጠራል። የኛ ሊስትሮ አባቱ በአገሩ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ዋስ ቢሆኑት በሬ ያስነዳል። እዚህ ግን የሳቸው ቃል ማኅተም የለውም። ዋስትናን ከመንደር አንሥተን ከተማ ስናመጣው ሰውየውን ትተን ደመወዙን ብቻ ነው ያመጣነው።

ስለዚህ ወረቀትን ብቻ አንንቀፍ፤ ለእንግዳ ሰው ወረቀት መድኃኒት ነው። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ አሜሪካ ሄደ፤ ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድ ቢሮ ሕንፃ የሌሊት ዘበኛ ነው። እዚያ መሣሪያ ሳይዙ ለመጠበቅ የሚመዘገብ ሰው 18 ዓመት የሞላው ሊሆን፣ የ18 ሰዓት የግዴታ ሥልጠና ሊወስድ፣ አሻራውን ሊሰጥ ይገባል። በስልክ ሲነግረን «ማንም የማን ልጅ ነህ አላለኝም» ነበር ያለን፤ ደስ ብሎት ነው ያለው። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ በር ከሚከፍትላቸው ሰዎች መካከል ስሙን የሚያውቅ አንድም የለም፤ ሰላምታ የሚሰጡት ደረቱ ላይ ለተንጠለጠለው ካርድ ነው። የማን ልጅ ነህ ያላለው አገር፣ ማን ነህም ሳይለው ቀረ።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ሥልጠናው በድምሩ 40 ሰዓት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ትምህርት ሰውን ስለ መያዝ ሥልጣን ነው፤ የሚያስገርመው የትምህርቱ ፍሬ ነገር ነው። ዘበኛው ፖሊስ እንዳልሆነና ሰውን ለመያዝ ያለው ሥልጣን ከማንኛውም ተራ ሰው ሥልጣን እንደማይበልጥ ነው የሚማረው። ዩኒፎርሙ አንዲት ሥልጣን አይጨምርለትም። በኛም አገር የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ቢያንስ ሦስት ወር በሚያሳስር ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንኛውም የግል ሰው እንዲይዝ ፈቅዷል። እንግዲህ በሕግ ዓይን ዘበኛው ሌላ ፍጡር አይደለም፤ እኛው ነን፤ ነቅተን እንድናድር ስለማንፈልግ ነው እሱን የቀጠርነው። የራሳችንን ሥራ ነው ያከራየነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ያስተማረን የእንግሊዞች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ሕግ ዘበኛ ፈቃድ እንዲያወጣ አዘዙ፤ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ የወንጀል መዝገብ ይመረመራል፤ ሥልጠና ይጠየቃል። ነገር ግን ፈቃዱ የሚጠየቀው በተቋራጭ በኩል ተልኮ ለሚጠብቀው ዘበኛ ነው። ባለ ሱቁ ራሱ በቀጥታ ቀጥሮ በሱቁ የሚያቆመው ዘበኛ በዚያ ሕግ ፈቃድ አይጠየቅም። መጀመሪያ ስንሰማ ሥራው አንድ፣ ሱቁ አንድ፣ ሌባውም አንድ ሆኖ እንዴት ነው ነገሩ ብለን ሳቅን። በኋላ ስናሰላስለው ገባን መሰለን። ባለ ሱቁ ራሱ የመረጠው ዘበኛ ቢያጠፋ የሚጎዳው ባለ ሱቁ ነው፤ አውቆ አምኗል፤ ለእምነቱም ከፋዩ እሱው ነው። እምነት በሦስተኛ ሰው እጅ ሲሸጥ ግን፣ ሻጩ ሌላ፣ ገዢው ሌላ፣ የሚያድረው ሌላ ሲሆን፣ መንግሥት መካከል ገብቶ «አይቼዋለሁ» የሚል ወረቀት ይሰጣል። እንደ ዋስ መሆኑ ነው። ሆኖም ይህ ዋስ አይከፍልም። ዘበኛው ቢሰርቅ ፈቃዱን ይነጥቀዋል እንጂ የጠፋውን አይተካም።

የኛው ድርጅትስ? የኛው ድርጅት ሁለቱንም ነው የፈለገው። ወረቀቱንም ዋሱንም። እምነትን ለባንኩ ይሸጣል፤ ዋጋውን ይቀበላል፤ ለዘበኛው ከዚያ ቆንጥሮ ይሰጣል፤ ጉዳት ቢመጣ ግን የሊስትሮ ወዳጅ የሆነ አንድ መምህር ከደመወዙ ይከፍላል። ከመካከላችን ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ጓደኛችን ይህን አምርሮ ተናገረ። «እንዲህ ያለውን ሥርዓት በፊርማችን ማጽናት የለብንም፤ አለመፈረማችን ተቃውሞ ነው» አለ። ሁላችንም ደስ አለን። ትክክለኛ ሐሳብ ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እንላለን። ችግሩ፣ የተነገረው ልጁ ቅጹን ይዞ ከሄደ ከሳምንት በኋላ መሆኑ ነው። በሩ ላይ ሳለን «ተቃውሞ» የሚል ቃል ከማናችንም አፍ አልወጣም፤ የወጣው ባልና ዝውውር ነው።

ሌላው ፍርሃታችን ቤታችን ይሸጣል፣ ዕድሜ ልካችንን ስንከፍል እንኖራለን የሚል ነበር። ሕግ የምታጠናው ጓደኛችን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዛ መጣች። የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ የሚሰጥ እንጂ በግምት የሚያዝ እንዳልሆነ ይደነግጋል፤ ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛ ልክ በውሉ ላይ ካልተገለጸም ዋስትናው ዋጋ የለውም። ማለት፣ ወሰኑን የምንጽፈው እኛ ነበርን። የልጁን የስድስት ወር ደመወዝ ብንጽፍ፣ ለሰባት ተካፍለን ብንይዘው፣ ከመካከላችን ሲጋራ የሚያጨሱት በዓመት ከሚያቃጥሉት ያነሰ ነው። ቅጹ ላይም ለገንዘቡ ልክ ባዶ መስመር ተትቶለት ነበር። አንዳችንም እስከዚያ ድረስ አላነበብነውም።

ሰበቡ ሁሉ እንዲህ ሲረግፍ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም ከሁሉ የተሻለው ነው። ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን «እኔ ልጁን አላውቀውም። ለማላውቀው ሰው መፈረም ውሸት ነው» አለ። ይኸ በእውነት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ዋስትና ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በገንዘብ ይለካ ነበር፤ ግን ምስክርነትም ነው። ያላየውን አየሁ የሚል ሰው ሐሰተኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደዚህ ጠበበ፤ እናውቀዋለን ወይስ አናውቀውም?

የትውልድ ቀበሌውን አናውቅም። ወንድም እኅት እንዳለው አናውቅም። የት እንደሚያድር እንኳ የጠየቀው የለም። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ ጫማችንን አውልቀን ለሱ ትተን፣ በሱ ነጠላ ጫማ ማዶ ሻይ ቤት ገብተን ተቀምጠናል። ዝናብ ሲመጣ ቦርሳችንን እሱ ዘንድ ጥለን ሮጠናል። አንደኛችን የክፍያ ብሩን ያዘለ ደብተር ሦስት ሰዓት ሙሉ እሱ ዘንድ ረስቶ፣ ተመልሶ ሲመጣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሣጥኑ ሥር አግኝቶታል። ቆጥሮ ተቀበለ፤ መቁጠሩንም ልጁ አይቷል። እንግዲህ በየቀኑ ዘበኛችን አድርገነው ኖረናል፤ ያለ አሻራ፣ ያለ ሐኪም፣ ያለ ዋስ። እናውቀው ነበር። እውቀታችንን በጽሑፍ አስፍሩት የተባልን ጊዜ ነው አናውቀውም ያልነው።

ከባንኩ ጓደኛችን ጋር ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። «ጫማ ማመን ሌላ፣ የባንክ በር ማመን ሌላ» ይላል። ሰው በትንሹ ሲታመን በትልቁም ይታመናል ማለት እንደማይቻል፣ እሱ ራሱ በየቀኑ የሚቆጥረው ገንዘብ የሰው ዓይን ሲያፈዝ እንዳየ ይናገራል። ልንመልስለት ያልቻልነው ነገር አለው። እኛ ደግሞ የምንለው፣ እንግዲያው ማንም ሰው ለማንም ዋስ ሊሆን አይችልም ማለት ነው፤ ነገን ያየ የለምና። እሱን ራሱን ባንኩ ሲቀጥረው አጎቱ ፈርመውለታል። አጎቱ ነገን አይተው ነበር? ይህን ስንለው ይቆጣል።

ልጁ አሁንም እዚያው ነው። ድርጅቱ ሌላ ጊዜ ሞክር ብሎት ነበር፤ ሲሄድ የአሻራው ማስረጃ ስለ ቆየ እንደገና አምጣ ተባለ። በሚያዝያ ወር ከመካከላችን ሁለቱ፣ አሁን እንፈርምልህ ብለው ጠይቀውት «ግድ የለም ጋሼ፣ እናንተም ጣጣ አለባችሁ» አላቸው። እንደ ድሮው ሰላም ይለናል። ቦርሳ ግን እሱ ዘንድ የሚያስቀምጥ ከመካከላችን የለም፤ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ እንዲሁ ቀረ። ብዙዎቻችንም በኋለኛው በር መግባት ጀምረናል። ለአውቶቡስ ይቀርባል እንላለን።

ባለፈው የፈተና ሰሞን በኋለኛው በር አዲስ ዘበኛ ተተክተው አገኘን፤ ሸምገል ያሉ፣ ድሮ ወታደር የነበሩ የሚመስሉ ሰውዬ ናቸው። መታወቂያ አሉን። ስድስታችን አሳየን፤ አንዱ ቤቱ ረስቶት መጥቷል። «የኛው ተማሪ ነው፣ አባባ፣ እናውቀዋለን» አልን ባንድ አፍ። ሰውዬው አንድ በአንድ አዩን። «እናንተንስ ማን ያውቃችኋል?» አሉ። ተለማመጥን፤ ፈተናችን ነው አልን። ጥቂት አሰቡና ከቤታቸው ገብተው መዝገብ ይዘው ወጡ። «እንግዲያው ስማችሁን ጻፉና ፈርሙለት። ነገር ቢመጣ የምይዘው እናንተን ነው» አሉን። ብዕሩን ተሻማን። ስድስታችንም ፈረምን፤ ፈተናው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው።